የሻሽወርቅና ሩቁ ኢላማ

ባለቤቴ የሻሽወርቅ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለሰው ልክክ ያለ ነገር ሰጥታ አታውቅም። ሁልጊዜ ትጨምራለች።

ልማዱን ያመጣችው ከገዳሪፍ ገበያ ነው። በስደት ሱዳን ሳለን ምስርና በርበሬ በጣሳ እየሰፈረች ትሸጥ ነበር። ጣሳውን እስከ አፉ ትሞላና ገዢው ከረጢቱን ሊያስር ሲል «ቆይ» ብላ በእጇ ጭብጥ ትደርብለታለች። ማንም «መርቂኝ» ብሎ እስኪለምናት አትጠብቅም። አጠገቧ የሚሸጡት ሴቶች «ገበያውን አበላሸሽብን» እያሉ ይጣሏት ነበር። እኔም ያወቅኋት ምስር ልገዛ ሄጄ ነው።

ላስ ቬጋስ ከገባን በኋላ እኔ ካዚኖ ውስጥ የቁማር ማሽን ጠጋኝ ሆንኩ፣ እሷ ሆቴል ክፍል ማጽዳት ጀመረች። ጡረታ እስኪቀርባት ድረስ ከዚያ አልወጣችም። ለአንድ እንግዳ ሁለት ፎጣ የሚል ደንብ ነበር፤ እሷ ሦስት ታስቀምጣለች። ትራስ ላይ አንድ ቸኮሌት የሚል ነበር፤ እሷ ሁለት። ሱፐርቫይዘሯ ጠርታ ስትቆጣት «አንዷን ብቻዋን አስቀምጬ በሩን መዝጋት አልቻልኩም» አለቻት። ሱፐርቫይዘሯም ቸኮሌቱን ቆጥራ ትሰጣት ጀመር። ከዚያ ወዲህ የሻሽ ከራሷ ቦርሳ ከረሜላ እያወጣች ትደርብ ነበር።

«ምርቃት የሌለበት ነገር የተሰረቀ ይመስለኛል» ትላለች።

ይህን ሁሉ የምጽፈው በኋላ የሆነውን ሰምቶ ሰው እንዳይፈርድባት ነው። እኔ ራሴ ያን ጠዋት በገዛ ዓይኔ አይቼ እንኳ ማመን አቅቶኝ ነበር።

በፈረንጆቹ 2020 ማርች ላይ ኮሮና ገብቶ ካዚኖዎቹ በአንድ ቀን ተዘጉ። ጁን ላይ እኔን ጠሩኝ፤ እሷን አልጠሯትም። ሥራ ፈትታ መቀመጥ አታውቅበትም። ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ያለችው ቤታችን ውስጥ ያልታጠበ መጋረጃ፣ ያልተወለወለ ድስት አልቀረም።

ያኔ ፊልሞን ሆስፒታል በር ላይ ዘበኛ ነበር። ፊልሞን በዲቪ ከአዲስ አበባ የመጣ ጊዜ ያረፈው እኛ ዘንድ፣ በኋላኛዋ ክፍል ነው። ልጅ ስላልተሰጠን የሻሽ እንደ ልጇ ያዘችው፤ ሳሮንን ሲያገባም ሽማግሌ የላክነው እኛው ነን። ሥራው መሣሪያ የሌለው ዘበኛ ነው፤ ማስክ አድርጎ ይቆምና የሚገባውን ሰው ሙቀት ይለካል፣ ጠያቂውን ይመልሳል። ሳሮን ነፍሰ ጡር ነበረች።

አንድ ቀን መጥቶ ከደጃችን ራቅ ብሎ ቆመ።

«ግባ እንጂ» አለችው።

«አልገባም እትዬ። ዛሬ ስንቱ እንዳሳለብኝ ብታውቂ አጥሩንም አታስጠጊኝም።»

«ሳሮንስ?»

«ጫማዬን ውጪ አወልቃለሁ፣ ልብሴን ጋራዥ ውስጥ እቀይራለሁ፣ ሶፋ ላይ እተኛለሁ። ግን እስከ መቼ? ሕፃኑ ሳይወለድ ከዚያ በር መነሳት አለብኝ።»

መነሻ መንገድ ነበረው። የቀጠረው የጥበቃ ኩባንያ መሣሪያ ለያዘ ዘበኛ ሌላ ቦታ ይሰጣል፤ ከከተማው ዳር ያለ መጋዘን፣ ሰው የማይደርስበት። ለዚያ ግን የተኩስ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። የቅርቡን ኢላማ አልፏል፣ የመካከለኛውንም አልፏል፤ የሩቁ ላይ ወደቀ። አንድ ዕድል ቀርቶታል። ያንን ካጣ በሩ ላይ ይቀራል። ጥይቱንም ራስህ አምጣ ብለውታል።

ጥይት ደግሞ የለም። በዚያ ዓመት ሰው ተሻምቶ፣ የመሣሪያ ሱቆቹ መደርደሪያ እንደ ሽንት ቤት ወረቀቱ መደርደሪያ ባዶ ነበር።

እኔ ጋራዥ ውስጥ ጥይት መሙያ ዕቃ አለኝ። አብሮኝ ይሠራ የነበረ አሜሪካዊ ጠጋኝ ነው ያስተማረኝ። የተተኮሰውን ቀለህ ታጥባለህ፣ ባሩዱን የሚለኩሰውን መቀስቀሻ ትቀይራለህ፣ ባሩድ ትሞላለህ፣ ከላይ የሚወነጨፈውን እርሳስ ትገጥማለህ። ቀላል ነው፤ ግን ልክ ነው የሚፈልገው። ባሩዱን የሚሰፍር ትንሽ መሣሪያ አለ። እጀታውን ወደ ታች ስትስበው ምንጊዜም ያንኑ ያህል ይጥላል። በሚዛን አስተካክየው «ይኸው፣ ሥራ ካማረሽ» ብዬ ለየሻሽ ሰጠኋት። እሷ አንደኛው ጠረጴዛ ላይ ባሩድ ትሞላለች፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሌላኛው ላይ እርሳስ እገጥማለሁ። ማራገቢያው ይጮኻል፤ እሷ ስልኳን ስፒከር ላይ አድርጋ ስብከት ትሰማለች። ደስ ብሏት ነበር።

አሊያንቴ ከሚባለው ሰፈር ባሻገር፣ ተራራው ሥር ወዳለው የመተኮሻ ሜዳ ከፊልሞን ጋር መመላለስ ጀመርን። ከቅርብ ሲተኩስ የኢላማው ወረቀት ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሁሉ በአንድ መዳፍ ይሸፈናሉ። ኢላማውን ስናርቀው ይበተናሉ። ጭራሽ ስናርቀው ወረቀቱን የሚስቱም አሉ።

«እጅህ ነው» አልኩት።

«እጄ ቅርብ ላይ እጅ አይደለም እንዴ ጋሼ?»

እውነት አለው። ማሽን ሲበላሽ እንደማደርገው ከቀላሉ ጀመርኩ። የሽጉጡን ማነጣጠሪያ ብሎን አየሁ፤ አልላላም። አፈሙዙ ውስጥ የተጋገረ እርሳስ ካለ ብዬ እስኪያበራ ወለወልኩት። የእርሳሱን አገጣጠም፣ የቀለሁን አፍ አጠባበቅ ቼክ አደረግሁ። ሽጉጡን አሸዋ የሞላ ከረጢት ላይ አስደግፌ እኔው ተኮስኩ። ያው ነው። እንዲያውም አንድ ነገር ያን ጊዜ አስተዋልኩ፤ ቀዳዳዎቹ ወደ ግራና ቀኝ አልተበተኑም። ከላይ ወደ ታች ነው የተደረደሩት፣ እንደ መሰላል።

አጠገባችን የነበረ ሽማግሌ አሜሪካዊ ሲያየን ቆይቶ ከራሱ ሳጥን ጥቂት የፋብሪካ ጥይት አንስቶ «በዚህ ሞክሩት» አለን። በዚያ ዘመን ያ ወርቅ መስጠት ነው። በዚያው ከረጢት፣ በዚያው ሽጉጥ፣ በዚያው ርቀት ተኮስኩ። ቀዳዳዎቹ ተሰበሰቡ።

ሽጉጡም ደህና፣ ልጁም ደህና። ችግሩ የእኔ ጥይት ነበር። አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይዘገያል፤ ቅርብ ላይ አይታወቅም፣ ሩቅ ላይ ግን አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ይመታል።

ቤት ስንመለስ ፊልሞን ግቢው ውስጥ ቆሞ፣ እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ይህንኑ ስናወራ የሻሽ ልብስ ታሰጣ ነበር።

«ባሩዱ ሳይደክም አይቀርም» አልኩት። «አንዳንዱ አቅም የለውም፣ ሩቅ ሳይደርስ ይወርዳል። መስፈሪያውን ትንሽ ከፍ አደርገዋለሁ።»

«አቅም ከሌለው እኔና እሱ ተገናኝተናል» አለ ፊልሞን።

የሻሽ ሳቀች። «ቆይ፣ አንተ ብቻ ተፈተን» አለችው።

መስፈሪያውን መጽሐፉ ከሚፈቅደው ወሰን ሳላሳልፍ ጥቂት ከፍ አደረግሁት። ለፈተናው የሚሆን አዲስ ሳጥን ሠራን። በዋዜማው ፊልሞን መጥቶ ወሰደው። የሻሽ ሳጥኑን በፌስታል ጠቅልላ፣ ከላዩ ላይ ዳቦ ጨምራ ሰጠችው።

በማግስቱ ጠዋት ጋራዡን ሳስተካክል ከዚያው ሥራ የተረፉ ጥቂት ጥይቶች አገኘሁ። አንዱ ቀለሁ ጎኑ ተጨርምዷል። እርሳስም እንደ ባሩዱ ብርቅ ስለሆነ ላፈርሰውና እርሳሱን ላትርፍ ብዬ ለዚሁ በተሠራው የጥይት መፍቻ መዶሻ ከፈትኩት። ባሩዱን ወደ ዕቃው ከመመለሴ በፊት፣ እንዲያው እጄ ስለለመደ፣ ሚዛን ላይ አደረግሁት።

ሚዛኑ ተበላሸ አልኩ። ጠርጌ፣ ዜሮ አድርጌ እንደገና መዘንኩ። ሁለተኛውን ጥይት ከፈትኩ፤ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ሦስተኛው ከሁለቱም ይበልጣል። መጽሐፉ ይህን አታልፍ ያለውን ወሰን ሁሉም አልፈዋል። ቶሎ ብዬ መስፈሪያውን ፈተንኩት። እጀታውን ደጋግሜ ሳብኩ፣ መዘንኩ። ልክ ነው። ፍንክች አላለም።

«የሻሽ!» አልኩ። እጇን በመቀነቷ እየጠረገች መጣች።

«ባሩድ ስትሞዪ መስፈሪያውን ነክተሽዋል? ብሎኑን?»

«ምን ብዬ እነካዋለሁ?»

«እጀታውን ስንቴ ነው የምትስቢው?»

«አንዴ። እንዳልከኝ።»

«ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?»

ጎንበስ ብላ ሚዛኑ ላይ ያለውን ባሩድ አየችው። ምንም አልደነገጠችም። እንዲያውም ፊቷ በራ።

«እሱማ ምርቃቱ ነው» አለች።

አንገቷ ላይ፣ ከማተቧ ጋር፣ ከእናቷ የቀረላት የብር የጆሮ ኩክ ማውጫ ነበረ። ጫፉ ላይ ያለችውን ማንኪያ መሳይ ነገር ይዛ አሳየችኝ። የስንዴ ፍሬ እንኳ አትሞላም።

«በዚች» አለች። «ታጥባ ነው ደግሞ።»

ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን ጥይቶች አየሁ።

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም። ምን፣ ላዳላ?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ?»

«መጀመሪያ አንድ አንድ ነበር። በኋላ ሩቅ ሳይደርስ ይወርዳል ስትሉ ሰማሁ። ለፊልሞን ፈተና የሠራነው ላይ ሁለት ሁለት አደረግሁ። ለመንገዱ ስንቅ ነው ብዬ። ስብከቱ መሀል ረስቼ ሦስት ያደረግሁበትም አይጠፋም።» ከዚያ ፊቴን አየች። «ምን ሆንክ? ሀብቴ፣ ምን ሆንክ?»

«ሽጉጡ እጁ ላይ ይፈነዳል» አልኳት።

ኩክ ማውጫውን አየችው። እኔን አየችኝ። «በዚች?» አለች በቀስታ። የቤት ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ሄዳ መኪናው ውስጥ ተቀመጠች።

ፊልሞን ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። ወደ ፈተና ሲገቡ ስልክ እንደሚሰበሰብ ነግሮኝ ነበር።

መንገዱ ላይ እሷ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቀይ መብራት ላይ ቆምኩ፤ ማንም የለም። «እለፈው» አለችኝ። በትዳር ዘመናችን ሁሉ ሕግ ጣስ ያለችኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ከአጥሩ ውጪ ሆነን አየናቸው። ተፈታኞቹ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ቅርቡና መካከለኛው አልቋል። ኢላማዎቹ ከሩቅ፣ ከአፈር ቁልሉ ሥር ነጭ ነጭ ብለው ይታያሉ። ፊልሞን ከዳር ሁለተኛ ነው። የሻሽ «ፊልሞን! ተው!» ብላ ጮኸች። ሁሉም ጆሯቸውን ሸፍነዋል። ፈታኙ ኮፍያ ያደረገ ረጅም ሰው ነው፤ ፊሽካ ነፋ።

ተኩሱ ተጀመረ። ከዚያ ሁሉ ድምፅ መሀል አንዱ ሌላ ነበር። የጥይት ድምፅ አይደለም፤ ከባድ በር በነፋስ ሲላተም እንደሚጮኸው ነው። ከፊልሞን እጅ ሥር ጭስ ወጣና የሽጉጡ ካዝና ጠጠሩ ላይ ወደቀ። ፊልሞን ሽጉጡን አልጣለም። ቆሞ እጁን ያያል።

የሻሽ መቼ ከአጠገቤ እንደሄደች አላወቅሁም። ሳያት ማንም እንዳያልፈው የተከለከለውን ቢጫ መስመር አልፋ፣ አንድ ነጠላ ጫማዋ ወልቆ፣ በሰዎቹ መካከል ትሄዳለች። ፈታኙ «ተኩስ አቁም!» እያለ ይጮኻል። እሷ ፊልሞን ጋ ደርሳ እጁን ያዘች። መዳፉ ጠቁሯል፤ አውራ ጣቱ ሥር ተቀድዶ ይደማል። ጣቶቹን አንድ በአንድ እየዘረጋች አየቻቸው።

ፊልሞን ጆሮው ላይ ያለውን አወለቀ። «እትዬ? አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? መስመሩን አለፍሽ እኮ! ፈተናዬን ይሰርዙብኛል!»

«ጣትህን አጥፈው።»

«ደህና ነኝ፤ ሽጉጡ ነው የተበላሸው። ጋሼ፣ ምን ሆናችሁ ነው? አንድ ዙር ብቻ ቀርቶኝ ነበር!»

«አጥፈው አልኩህ!»

አጠፈው። ፈታኙ መጥቶ ሽጉጡን ከእጁ ተቀበለ። መያዣው ላይ ያለው ፕላስቲክ ለሁለት ተሰንጥቋል። ተጣብቆ የቀረውን ቀለህ በብረት ገፍቶ አወጣው። ታችኛው ጎኑ እንደ ፈነዳ ቲማቲም ተከፍቷል። መዳፉ ላይ አድርጎ ለፊልሞን አሳየው።

ፊልሞን ቀለሁን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«እሱ አይደለም» አለችው የሻሽ። «እኔ ነኝ። ጨመርኩልህ።»

«ምን ጨመርሽልኝ?»

«ምርቃት። ባሩዱ ላይ።»

ፊልሞን ጠጠሩ ላይ ቁጭ አለ። ትንሽ ቆይቶ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚስቅ መስሎኝ ነበር።

ፈታኙ ወደ እኔ ዞሮ «ሴትዮዋ ምን አሉ?» አለኝ።

ምርቃት ምን ተብሎ ይነገረዋል? «ትንሽ እንዲበዛለት ብላ ነው» አልኩት።

«ሊገድሉት ነበር እኮ።»

«ትወደዋለች» አልኩት። መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ፈተናው አልተቆጠረለትም። መስመር የታለፈበት፣ ሽጉጡም የተሰበረበት ተፈታኝ ይወድቃል፤ ደንቡ ነው። ፈታኙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቁስሉን አጥቦ አሰረለት፣ ሳጥኑ ውስጥ የቀሩትን ጥይቶች ለየሻሽ አላስነካትም። መኪናው ጋ ስንደርስ ፊልሞን እንዲህ አላት።

«እትዬ፣ ለሌላ ጊዜ ጎዶሎ አድርገሽ ስጪኝ።»

ሊያስቃት ብሎ ነው። አልሳቀችም። «ሥራውስ?» አለችው።

«በሩ አለ» አላት።

ቤት ገብታ እጇን ስትታጠብ ቆየች። ውኃው ሲወርድ እየሰማሁ ኩሽና ውስጥ ተቀመጥኩ። ወጥታ «ስንት ሰው ነው ከዚያ ጥይት የተኮሰው?» አለችኝ። እኔና እሱ ብቻ ነን አልኳት። «አንተም» አለች፤ እስከዚያ ሰዓት ድረስ የእኔን አላሰበችውም ነበር። ወንበሩን ያዘች። ጋራዥ ውስጥ ከዚያ በኋላ አልገባችም፤ እኔም ቀሪውን ባሩድ አስወገድኩት።

ፊልሞን ሆስፒታሉ በር ላይ ቀረ። ሳሮን በታኅሣሥ ወንድ ልጅ ወለደች፤ በሽታው አልደረሰባቸውም። የሻሽ ሕፃኑን በመስታወት በኩል አየችው። ለማየት ከሄድንበት ቀን ቀጥሎ ግን ማሳል ጀመረች። ከየት እንደያዛት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እኔን አላመመኝም። የገና በዓል አልፎ ጥቂት እንደቆየ ትንፋሽ አጠራት፤ አንስቼ ሆስፒታል ወሰድኳት።

በሩ ላይ የቆመው ፊልሞን ነው። ማስክ አድርጎ፣ የሙቀት መለኪያውን ይዞ። እኔን ሲያይ አላመነም፤ እሷን ሲያይ መለኪያው ከእጁ ወደቀ። ጠያቂ አይገባም። እሱ ራሱ ሌላውን ሰው የሚመልስበትን ቃል ለእኔ ማለት አቃተው።

«አውቃለሁ» አልኩት። «አስገባት።»

ተሽከርካሪ ወንበር አምጥቶ አስቀመጣት፤ እየገፋ ወሰዳት። ከሰዎቿ መሀል ከዚያ በኋላ ያያት እሱ ብቻ ነው። ሺፍቱን እየቀያየረ በሩ ላይ አደረ፤ ከነርሶቹ እየጠየቀ ይነግረኝ ነበር። መጋዘኑን ቢያገኝ ኖሮ በዚያ በር ማን ይቆም እንደነበር አላውቅም። አስቤው አልጨርሰውም።

ያን ቀን አስገብቷት ሲመለስ እኔ እዚያው እንደቆምኩ ነበርኩ።

«ምን አለች?» አልኩት።

«ጋሼ ...»

«ንገረኝ። ምን አለች?»

«‹ሀብቴ መኪናውን አምቡላንስ የሚቆምበት ላይ ነው ያቆመው፣ ሄደህ ንገረው› አለችኝ።»

ዞሬ አየሁ። እውነቷን ነው፣ እዚያ ነው ያቆምኩት። በሩም አልተዘጋም፣ ሞተሩም አልጠፋም።

ሄጄ አነሳሁት።